በእናቴ መቀነት የታሰረው ስልክ

እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ሰንሻይን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከወዲያ ወዲህ ስል ላየኝ ልጅ የጠፋባት እመስላለሁ። ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝማ ጭራሽ አበድኩ። ፓስፖርቴን ጠዋት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ከሰዓት ወደ ትራሴ ሥር አዛውረዋለሁ፤ ማታ አውጥቼ እቆጥረዋለሁ፣ አንድ ብቻ መሆኑን የረሳሁ ይመስል። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጄ፣ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ "ማም፣ ሪላክስ" ትለኛለች። ሪላክስ የሚባለውን ነገር ለእኔ ማን አስተምሮኝ!

የምሄደው የእናቴን ቤት ወረቀት ልፈርም ነበር። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ሰው ሲጠይቀኝ "ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ" እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው የቀረሁት። ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ቤቴ ለቅሶ የተቀመጡት፣ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖሩት፣ እትዬ የምላቸው አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሻይ ሳመላልስ ዋልኩ።

ልሰናበታቸው ስሄድ ከመሐረብ ውስጥ አንድ አሮጌ ስልክ አወጡ።

"ይህን አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ ታደርሺልኛለሽ። ድምፄን ሞልቼበታለሁ። የእሷ ዓይን ጠፍቷል፣ እኔን ደግሞ ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከለኝ። ከእንግዲህ በዚህ ዓለም አንተያይም።"

"በቴሌግራም ብልክልዎትስ፣ እትዬ?"

"ኤዲያ! ስልክ የሚከፍትላት የጎረቤት ሰው ነው። ከእሷ በፊት ሰፈሩ ሊሰማው? ይህ ለእሷ ጆሮ ብቻ ነው። ስትደርሺ ይህቺን ሦስት ማዕዘን ትጫኛለሽ፣ ጆሮዋ ላይ ታደርጊላትና ክፍሉን ለቀሽ ትወጫለሽ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ። ባለፈው አንዱን ነካሁና የአንድ ሰዓት ወሬዬ ድራሹ ጠፋ። እንዳታጠፊውም፤ ከጠፋ መክፈቻውን አላውቀውም።"

እሺ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዙኝ።

"ቦርሳ የለ፣ ሻንጣ የለ። ከገላሽ እንዳይለይ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ!"

ለእኔ ቢጤ ሰው እንዲህ ይባላል? ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ልጄ በትራም ማሪቢርኖንግ ወዳለው ትልቁ ሞል ወሰደችኝና በልብስ ሥር የሚታሰር የመንገደኛ ቀበቶ አሳየችኝ። ለካሁት። ዚፑ ሲከፈት ሲዘጋ ሱቁን ሁሉ ያስዞራል። "ይህማ ሌባ መጥሪያ ነው" ብዬ መለስኩት።

ቤት ስገባ የእናቴን መቀነት ከቁምሣጥን አወጣሁ። እናቴ መርካቶ ስትወርድ ቁልፏንም መታወቂያዋንም በዚህ ቋጥራ ነበር፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች። አንድም ቀን ተሰርቃ አታውቅም። ከሞተች በኋላ በመንገደኛ እጅ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። እንደታጠፈ አስቀምጬው ነበር፣ ሁለት ዓመት። አሁንም ቶሎ ብዬ ዘረጋሁትና ሳላሸተው ወገቤ ላይ ጠመጠምኩት።

ታጥቆ የመዋሉን ልምምድ ሥራ ቦታ ጀመርኩ። የምሠራው ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ከመደርደሪያ እያወረድኩ ነው። ስልክ ሎከር ውስጥ እንጂ ወደ ውስጥ ስለማይገባ በስልኩ ልክ የሆነ ሳሙና መቀነቱ ውስጥ ቋጠርኩ። በየደቂቃው እጄ ሆዴ ላይ ነው። አለ? አለ። አሁንስ? ሱፐርቫይዘሩ አይቶኝ ኖሮ ጥግ ወሰደኝና ሆዴን አሞኝ እንደሆነ፣ ላይት ዱቲ፣ ቀለል ያለ ሥራ ላይ፣ ያደርገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳሙና ነው ብዬ እንዴት ልንገረው? በሦስተኛው ቀን ደግሞ ላቤ ነካውና አረፋ ከሸሚዜ ሥር ብቅ አለ። የዚያን ቀን በሽታዬን ያልጠየቀኝ ሰው የለም።

የጉዞው ዕለት ፓስፖርቴን በእጄ ይዤ፣ ስልኩንና የቤቱን ወረቀት በመቀነቱ አስሬ ሰፊ ቀሚስ ደረብኩበት። ማንም አላወቀብኝም። ልቤ ሞላ። ኤርፖርት ፍተሻው ጋ ስደርስ ግን ፈታሹ በትሕትና "በገላሽ ያለውን ሁሉ አውጪ" አለኝ። ወይ ጉድ! ሁለት ሳምንት ማሰሩን ስለማመድ መፍታቱን አልተለማመድኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጄን በቀሚሴ አንገት ከትቼ፣ መቀነቱን ክንድ በክንድ ጎትቼ አወጣሁት። አያልቅም። ከኋላዬ ሁለት የሀገሬ ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ "ሴትዮዋ ቤቷን ተጠምጥማ ነው እንዴ የመጣችው?" ስትል ሰማኋት።

ስልኩ በትሪ ሆኖ ማሽኑ ውስጥ ገባ፣ ከዓይኔም ጠፋ። ነፍሴ አብራው ገባች። በወዲያ በኩል ብቅ ሲል ጫማዬን ሳላደርግ ዘልዬ ያዝኩት። ጎኑን ስጨብጠው በራ፤ አውራ ጣቴም ሦስት ማዕዘኗ ላይ አረፈ።

"እህት ዓለም! እንደምን ከርመሻል?"

እትዬ ስልክ ላይ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ሁለቱ ሴቶች ዞር አሉ። አሁን ምን ልንካ? ብነካ ሊጠፋ ነው፤ ብተወው የእትዬን ምሥጢር የሀገሬ ሰው ሊሰማ ነው። የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ሌላው እንዳይሰማ እኔ ሰማሁ።

"የእኔን ወሬ ኋላ ትሰሚዋለሽ" ይላሉ። "መጀመሪያ ይህን ስልክ ያመጣችልሽን ልጅ ጥሪልኝ። ውጪ ብያታለሁና በሩ ላይ ናት። እናቷን አልቀበረችም። ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ እጇ ብቻ ያገኘውን ሲነካካ ይውላል። እንዲህ ሆና ሁለት ዓመቷ። ለምን ቀረሽ ብለሽ እንዳትጠይቂያት። ቤትሽ አስቀምጫትና ሰው ጥሪላት፣ እዚያው ሀገሯ ላይ ታልቅስ። ስልኩ ሰበብ ነው፤ አደራ ያልኩሽ እሷን ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው የእህታቸው ነው። ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ በመቀነቱ ጠቀለልኩት፣ እጥፍ በእጥፍ፣ ድምፁ እስኪጠፋ። ጠቅልዬ ሳበቃ ፊቴን ቀበርኩበት። ሳሙና ሳሙና ይላል። ከሳሙናው ሥር እናቴ አለች።

የሆነ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ሴቶች ጫማዬን ይዘው መጡ። ቅድም ያሾፈችብኝ ጎንበስ ብላ "እናት፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"እናቴ ሞታብኝ" አልኩ።

"ውይ! በሞትኩት! መቼ?"

ሁለት ዓመቷ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እነሱም ደግመው አልጠየቁኝም። ጫማዬን እግሬ ሥር አስቀምጠው አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ተቀመጡ። አውሮፕላኑ እስኪጠራ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም፤ እኔም ጭምር።