የእናቴ አንገትና ጉልበት

የኑግ ዘይት ሞቅ ሲል የሚወጣው ሽታ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ከያዘኝ፣ ዛሬም እግሬ ይቆማል፤ ለሌላው የጾም ወጥ ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን የእናቴ ጉልበት ሽታ።

ጎጃም ውስጥ፣ ቁይ ከተማ አጠገብ ባለው ቤታችን፣ ክረምት ሲገባ እናቴን ጉልበቷንና ትከሻዋን ያማት ነበር፤ ቁርጥማት ነው ተብሎ፣ ወጌሻው አያ ሞላ እየመጡ በሞቀ የኑግ ዘይት ያሿት ነበር። ድሮ እንዝርቷን ስታሾር ከፍጥነቷ የተነሳ ዓይን አይከተላትም ነበር፤ ያን ክረምት ግን ጣቶቿ አብጠው፣ ለእህቴ ሰርግ የጀመረችው የነጠላ ፈትል ከእጇ እየወደቀ ተቸገረች። ድምፅዋም ጎርንኖ፣ ስትጠራኝ ሌላ ሰው የጠራኝ እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር።

«ተቀምጣ እየዋለች ወፈረች እኮ! ሥራ ነው የሚያማት» ትል ነበር አክስቴ።

«ጉልበቴን ላውስሽና አንድ ቀን ዋዪበት» ትላታለች እናቴ።

ማንን እንደማምን ግራ ይገባኝ ነበር።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ፣ አባቴ እኔንም አስከትሎ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ጉልበቷን ትቶ አንገቷን መዳሰስ ሲጀምር፣ እናቴ እጁን ያዘችው።

«ዶክተር፣ እኔን ያመመኝ ታች ነው፣ እርስዎ ላይ ይፈልጋሉ!»

እሱም ሳቀና ደሟን አስመርምሮ፣ አንገቷ ላይ ያለችው ታይሮይድ የምትባል እጢ ሥራዋን ስላቀዘቀዘች መገጣጠሚያዋንም ጡንቻዋንም እንደሚያማት ነገራት፤ ኪኒንም ሰጥቶ «በየቀኑ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ» አላት። ስንመለስ አባቴ፣ «በሬም ቀንበር አንገቱን ሲልጠው እግሩን ይጎትታል» አለ፤ እኔ ግን እናቴ ላይ ያለውን ቀንበር ፈልጌ አጣሁት።

ኪኒኑን እንደታዘዘችው ስትውጥ ከርማ፣ የገና በዓል ሲደርስ እንዝርቱ እንደገና ይዘፍን ጀመር። ሁዳዴ ሲገባ ግን፣ «ጠዋት ውኃ ከቀመስኩ ምኑን ጾምኩት?» ብላ ኪኒኑን ማታ፣ ከተልባው ጋር ትውጠው ጀመር። ጾሙ ሲጋመስ ጣቶቿ መልሰው ተሳሰሩ፣ አያ ሞላና የዘይቱ ሽታ ተመለሱ፣ እህቴም ሰርጓ ለግንቦት ተቆርጦ ስለነበር ያላለቀው ፈትል ያለበትን ቅርጫት እያየች ታለቅስ ነበር። ያው ኪኒን፣ ያው አፍ፤ ምን እንደተለወጠ ማናችንም አልገባንም።

በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጡና ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ሐኪሙ በባዶ ሆድ ካለሽ በባዶ ሆድ ነው! ይቺን የምታክል ነገር ምግብ ናት እንዴ?»

እሷም እንደታዘዘችው አደረገች፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ጣቶቿ ተፈቱ።

እህቴ ያን ነጠላ ዛሬም ትለብሰዋለች፤ ዳርና ዳሩ ስስ ነው፣ መሀሉ ላይ ግን ክሩ ወፍሮ ይጎረብጣል፤ ሁዳዴው እዚያ ነው። ዛሬ ስለ እጢዋ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ያን ሁዳዴ ተልባው ኪኒኑን ይዞ ወደ ደሟ እንዳይገባ እንዳደረገውም ገብቶኛል፣ እናቴም በጾም ጠዋት ሳይቀር ኪኒኗን በውኃ ትውጣለች። ሆኖም ብርዱ በርትቶ «ዛሬስ ጉልበቴን» ስትለኝ፣ እጄ ዘይቱን ይፈልጋል፣ ዓይኔ አንገቷን፤ እንደዚያን ጊዜው ሁለቱም ግራ ይገባቸዋል።