ያልሄደው ራጅ

መክብብ እጁ ማሽን ይወዳል፤ ሞያሌ ውስጥ ስልኩ የታመመበት የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚሮጠው። እንጀራው ግን ኬንያ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ክሊኒኳ ራጅ ታነሳለች እንጂ ራጅ የሚያነብ ሐኪም የላትም። ስለዚህ እሱ ያሰናዳው ሰርቨር ፎቶውን ይቆልፍና፣ ሰው ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ናይሮቢ ላለው ሐኪም ይልካል።

እትዬ አበበች ትንፋሽ አጥሯቸው የመጡ ዕለት መክብብ ሥራውን ጥሎ ተቀበላቸው። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ሲወለድ እትብቱን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ፈቃደ ደግሞ የክሊኒኳ ዘበኛ ናቸው። ነርሷ ጆይስ ደረታቸውን ራጅ አነሳችና፣ “ዶክተሩ ሳያየው ምንም መስጠት አልችልም፤ ፖሌ፣ አዝናለሁ” አለች። ፎቶው ግን አልሄድ አለ።

መክብብ መስመሩን ፈተሸ፤ ደህና ነው። የይለፍ ቃሉን ቀየረ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ አበራ። ማሽን ሆዬ የናይሮቢውን ማሽን “አላምነውም” ብሎ ድርቅ አለ። ቢጨንቀው ስክሪኑን በስልኩ አንስቶ ላከ፤ ሐኪሙም “ይሄ አይነበብም፣ ዋናውን ላክ” አለው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው ዓይኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያረፈው፤ ዓመቱ 2007 ይላል።

ስንት ጊዜ አይቶት አልፏል! ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደርም 2007 ነው የሚለው፤ የለመደ ዓይን ምኑን ይጠርጥር? ኬንያ ግን 2015 ላይ ነበረች። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ሰርቨር የናይሮቢውን ማሽን የማንነት ማረጋገጫ “የሚጸናበት ቀን ገና ነው” እያለ ነበር የሚመልሰው። ቀኑን ከነዓመቱ ሲያስተካክለው ፎቶው ወዲያው ሄደ። መልሱም አልቆየም፦ ልባቸውን ውሃ ከቦታል፣ አሁኑኑ ትልቅ ሆስፒታል አድርሷቸው። እትዬ አበበች ማርሳቢት ሳይደርሱ መንገድ ላይ አረፉ።

ማሽኑን ጠዋት ጠዋት የሚያበሩት ጋሽ ፈቃደ ብቻ እንደሆኑ መክብብ ያውቃል። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላል ያገሬ ሰው። ይላል እንጂ፣ እስቲ ሚስታቸውን ለቀበሩ ሽማግሌ ሂድና ይህን ተናገር!

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሽ ፈቃደ አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ “ለምንድን ነው ያልሄደው ልጄ?” አሉት።

“የኔ ጥፋት ነው ጋሼ። ማየት የነበረብኝን ሳላይ ቀረሁ።”

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። “እኔኮ ስቲማው፣ መብራቱ፣ ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ቀን ቢጠይቀኝ፣ አንተ እንዳትቸገር ብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር እያየሁ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ሞላሁልህ። እኔ ያልተማርኩት ይህን ስጠነቀቅልህ፣ አንተ የተማርከው አበበችን ገደልክብኝ?”

መክብብ አንገቱን ደፋ።

“እርስዎ የሞሉት ቀን ልክ ነበር ጋሼ” አለ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፈቃደ የክሊኒኳን በር ይከፍቱለታል እንጂ ሰላም አይሉትም። እሱ ግን በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ “እንደምን አደሩ ጋሼ” ይላቸዋል።