ለድንጋይ እጁን ያነሳ ሰው

እኔ ውሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምለው ሁሉ ከውሻ ፍቅር የመጣ እንዳይመስል ነው። ፀጉራቸው ካልሲ ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ዝናብ ሲመታቸው የሚሸቱትን ደግሞ ለጠላትም አልመኝ። የእህቴ ባል ሄክተር ግን ከሁለት ውሾች ጋር አንድ ቫን ውስጥ ይኖር ነበር። መብላቱም፣ መተኛቱም፣ መዞሩም እዚያው ነው።

ሄክተር ዕድሜውን ሙሉ በዚህ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ፖስታ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ደብዳቤ ብቻ አልነበረም የሚያደርሰው። መድኃኒት ያደርሳል፣ ጫጩት በካርቶን ያደርሳል፣ ሲያጋጥመውም ባልና ሚስት ያስታርቃል። መንገዳችን ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው። እዚህም እዚያም ጎኑ ሰፋ ይልና ማሳለፊያ አለው፤ ከፊት መኪና ሲመጣ እዚያ ገባ ብለህ ታሳልፈዋለህ፣ እሱ እጁን አንስቶ ያመሰግንሃል፣ አንተም ታነሳለህ። እጁን የማያነሳ ሰው እኛ ዘንድ አሳዳጊ የበደለው ነው። ሄክተር ደግሞ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቆመውና ቀድሞ እጁን የሚያነሳው እሱ ነበር። «ሄክተርን የቀደመ ገና አልተወለደም» ይሉ ነበር ሰዎቹ።

ጡረታ ሲወጣ እሱና እህቴ ኢሽቤል አንድ ያረጀ የዳቦ መኪና ገዝተው አልጋና ምድጃ ገጠሙለት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በረዶው ሲለቅ ውሾቻቸውን ጭነው ዳርቻውን ይዞራሉ። ያን ሁሉ ዘመን የተመላለሰበትን መንገድ! «ምን ቀረህ?» ስለው፣ «ቆሜ አይቼው አላውቅማ» አለኝ። ኢሽቤል ስትሞት ቤቱን አስረክቦ ጠቅልሎ ቫኑ ውስጥ ገባ። ቤቱ ውስጥ እሷ የለችም፣ ቫኑ ውስጥ ግን አለች አለ።

ትልቁ ውሻ ፍሊት ይባላል፤ ጥቁርና ነጭ የበግ ጠባቂ ሲሆን አፍንጫው ዙሪያ ሸብቷል። ትንሿ ቢስኪት ናት። ቡናማ ናት፣ ጭንቅላቷ ባዶ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ዝናቡ ላይ ትጮኻለች።

ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ሾና ከኢንቨርነስ ከተማ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ የአባባ ዐይን ደህና አይመስለኝም። ሻይ ሲቀዳልኝ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው።»

«አንቺም ስትቀጂ ታፈሺያለሽ።»

«ቀልድ አይደለም። የአረጋውያን መኖሪያ አግኝቼለታለሁ፤ ውሻ ግን አይቀበሉም። እባክሽ ባሁኑ ዙር አብረሽው ሂጂና እይልኝ። መንዳት ይችላል ካልሽኝ አፌን እዘጋለሁ። አይችልም ካልሽኝ ግን ቫኑም ይሸጣል፣ ውሾቹም ሰው ይፈለግላቸዋል።»

«በስተርጅና ሰላይ ልታደርጊኝ ነው?»

«ከአንቺ ሌላ ማን ይደፍረዋል?»

እውነቷን ነው፤ ማንም አይደፍረውም። ሻንጣዬን ይዤ ቫኑ ደጅ ቆምኩ።

«ኤፊ?» አለ ሄክተር በሩን ከፍቶ። «አንቺ ከውሻ ጋር? ምን ጉድ መጣ?»

«ባሕሩ ናፍቆኝ ነው።»

«ባሕሩ ደጃፍሽ አይደለም እንዴ?»

«በዚያ በኩል ያለው ነው የናፈቀኝ።»

ሳቀና አስገባኝ። የፊቱ ወንበር ለሦስት ይበቃል። ሄክተር መሪው ላይ፣ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ መሀላችን ፍሊት እንደ ዳኛ ተቀምጧል።

«ኋላ ሂድ በለው እንጂ!»

«ባለቤቱ እሱ ነው። እንግዳዋ አንቺ ነሽ።»

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው የሚነዳው። ቀስ ይላል፣ የመንገዱን ጠርዝ አይለቅም፣ ማንም ከመድረሱ በፊት ማሳለፊያው ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ውሻው ነው እንጂ ያስቸገረኝ። ከፊት መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ይልና አንዴ ያጉረመርማል። መኪናው ሲያልፍ አገጩን ሄክተር ጭን ላይ ጥሎ እፎይ ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል አልኩና ተውኩት። ማታ ማታ አሸዋው ዳር ቆመን በጭስ የበሰለ ዓሣ በድንች እየበላን፣ ሄክተር የዓሣውን ቆዳ ለፍሊት እየላጠ ስለ ኢሽቤል ያጫውተኛል። ደስተኛ ነበር። ለሾና የምላትን በልቤ ጨርሼ ነበር፤ ከአንቺ የተሻለ ይነዳል፣ ተይው።

አንድ ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር። ፍሊት አጉረመረመ። ሄክተር ማሳለፊያው ውስጥ ገባና እጁን አነሳ። ከጭጋጉ ውስጥ የመጣው አውራ በግ ነው።

«ኧረ በግ ነው ሰላም ያልከው!»

«እናቱን አውቃታለሁ» አለ።

እስኪያስለኝ ሳቅኩ። ጥቂት እንደሄድን ፍሊት እንቅልፍ ሸለብ እያደረገው ሕልም አይቶ ነው መሰለኝ አጉረመረመ። ሄክተር አሁንም ገባ፣ አሁንም እጁን አነሳ። ጭጋጉ ተገፎ ነበርና መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከማዶ ከቆመ ትልቅ ድንጋይ በቀር ምንም የለም።

«ማንን ነው?» አልኩት።

ትንሽ ዘገየ። «ምን አለ እዚያ?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«አዎ፣ እሱን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሳልፍ አንድ ቀን ደብዳቤ አልመጣለትም። ሰላምታ እንኳ አይገባውም?»

ሳቅኩ፤ ግን ያቺ መዘግየቱ ሆዴ ውስጥ ቀረች። ስንቆም አጥብቄ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

ለእረፍት ሳንቆም ግን ነገሩ ሆነ። ባሕሩ ወደ የብስ ወደገባበት የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሊት አጉረመረመ፣ ገባን፣ አንዲት ትንሽ መኪና አለፈች፣ ሄክተር እጁን አነሳ። ከዚያ መሄድ ነበረብን። አልሄድንም። ፍሊት ወደኔ ዘንበል ብሎ ጭኔ ላይ ተደፍቶብኛል፤ ጉርዴ በፀጉር ሊሞላ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ከታች የመጣ የዓሣ ጭነት መኪና ከኛ ማዶ ቆሞ መብራቱን ያበራል ያጠፋል፤ ሾፌሩ ኑ እለፉ እያለ እጁን ያወናጭፋል። ሄክተር ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ በእርጋታ ተቀምጧል።

«ሄክተር፣ እየጠበቁን ነው እኮ።»

«ፍሊት ገና አላለም።»

«ምን አላለም?»

«አገጩን አላሳረፈማ» አለና ጭኑን መታ መታ አደረገ። «አገጩን እዚህ ሲጥል ነው የምሄደው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፍሊት ራስ ጭኔ ላይ ነው፣ ዐይኑ እንደተከፈተ ነው። እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም።

«ሄክተር» አልኩ። እጁን ይዤ ውሻው ላይ አኖርኩለት። ከጆሮው ጀምሮ እስከ ጭራው ዳበሰው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

«ዐይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ኢሽቤል በሕይወት እያለች። ጠርዝ ጠርዙ ይታየኛል ኤፊ፤ መሀሉ ነው የጠፋው። መኪና ሲመጣ እሷ ‹መጣ› ትለኛለች። ‹መጣ› ስትል ፍሊት ቀና ይላል። እሷ ስትሄድ እሱ ብቻውን ቀጠለ።»

እህቴ ታውቅ ነበር። ለኔ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሞተች። ሙት አይወቀስም ይላሉ፣ እኔ ግን ተናደድኩባት፤ በሱም ተናደድኩ።

«ሕፃን ልጅ ብትገጭስ?»

«በየጠዋቱ አስበዋለሁ።»

«አስበህስ?»

«አስቤ ፍሊትን አየዋለሁ። ካቆምኩ ይወስዱብኛል። አርጅቷል፣ ይህን በጋ አይዘልቅም፤ እስክሸኘው ብዬ ነው። ልክ አይደለም፣ አውቃለሁ።» ቁልፉን ነቅሎ እጄ ላይ አደረገው። «እንኪ። ለሾና ንገሪያት።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ሊቆጣ ወርዶ መጣ። በመስኮቱ ውሻውን ሲያይ ቆቡን አወለቀና አካፋ አለ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከማሳለፊያው በላይ፣ ባሕሩ በሚታይበት ቁጥቋጦ መሀል ቆፈረ። ሄክተር ድንጋዮቹን እየዳበሰ አንድ በአንድ ደረደረ። ሲነፉ የነበሩት መኪኖች ሁሉ ጥሩምባቸውን ትተው ጠበቁ።

ከዚያ ወዲያ የነዳሁት እኔ ነኝ። ሄክተር በኔ ቦታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ መሀል ያለው ክፍት ቦታ ላይ ቢስኪት ዘላ ወጣች። የሚመጡት ሁሉ ቫኑን ያውቁታል፣ እጃቸውን ያነሳሉ። እሱም ያነሳል፤ ግን መኪናው ካለፈ በኋላ ነው፣ ድምፁን ሰምቶ። ቀድሞት የማያውቀው ሰው ሁሉ አሁን እየቀደመው ያልፋል። ሳለቅስ ሄክተር እንዳይሰማኝ መስኮቱን ከፈትኩ።

ለሾና እውነቱን ነገርኳት። ሄክተር አሁን መኖሪያው ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ይሞቃል፣ ሾርባው መጥፎ አይደለም፣ መስኮቱ ግድግዳ ያያል፤ ለሱ ግን ያው ነው። ብዙ አያወራም። ቢስኪት እኔ ጋ ናት። ውሻ ዛሬም አልወድም፤ እግሬ ላይ የምትተኛው ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ቫኑን ግን እንዳትሸጥ ሾናን ከለከልኳት፤ እሁድ እሁድ ሄክተርን በሱ አወጣዋለሁ።

የፊት ወንበሩ ላይ ካስቀመጥኩት ጀምሮ አንገቱን እንደደፋ ነው። የፊተኛዋ መኪና ብቅ ስትል ብቻ፣ «መጣ» እለዋለሁ። ቀና ይልና በሰዓቱ እጁን ያነሳል። መጀመሪያ ቀን ሲሰማው ፊቱን ወደኔ መለሰ፤ «አባባልሽ የሷ ነው» አለኝ።

ፍሊት ያረፈበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ማሳለፊያው ውስጥ ገብቼ እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ መንገዱ ባዶ ነው፤ ከላይም ከታችም አንድ መኪና የለም። ቢስኪት እንኳ ዝም ትላለች።

«መጣ» እለዋለሁ።

ማን እንደሆነ አይጠይቀኝም። እጁን ያነሳል፤ ቶሎም አያወርደውም።