አባቴ የጨበጠው እጅ

አገር ይመራ የነበረው ሰውዬ በስደት መሞቱን የሰማሁት ሰመራ፣ ከማስተምርበት ክፍል ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ነው። አንዱ ጋዜጣ ታላቅ መሪ አጣን ብሎ አልቅሶለታል፤ ሌላው ያፈረሳቸውን ቤቶች ዘርዝሮ፣ አስከሬኑ እዚያው በተሰደደበት ይቀበር ብሏል። ምሳ ቤት ውስጥም ባልደረቦቼ ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ፣ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ አስከሬኑ በአውሮፕላን ከመጣ ግድ እንደሌለው፣ በመንገድ ከመጣ ግን ኬላው እንደሚዘጋበት ተናግሮ ሁሉንም አሳቃቸው።

እኔ ግን ስለ ሰውዬው የራሴ ወሬ ነበረኝ። ልጅ ሳለሁ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ፣ ትኬት ቆራጭ በነበረው አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጬ፣ ሰውዬው ከባቡር ወርዶ አባቴን ሲጨብጠው አይቻለሁ። የጋለው ሐዲድ ሽታ፣ ሙዝ ይዘው ከመስኮት መስኮት የሚሯሯጡት ሴቶች፣ ከአዋሽ ገደል የሚነሣው ትኩስ ነፋስ፣ ከሁሉም በላይ በፈገግታ የበራው የአባቴ ፊት ዛሬም ይታየኛል። በዓመቱ የዚያው ሰውዬ ሹማምንት አባቴን ከሥራ አስወጡት። እርሱ ግን እስኪሞት ድረስ፣ ያ እጅ እንዴት ለስላሳ እንደነበር እንጂ ሌላ አላወራም።

ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር ሰምታ የነበረች፣ አሁን የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሆነች ተማሪዬ ደወለች። «መምህር፣ የሚያደንቀውም የሚረግመውም ሞልቷል፤ በዓይኑ ያየው ሰው ነው ያጣሁት» አለችኝ። ለማግስቱ ጠዋት ተቀጣጠርን።

የትምህርት ቤት ግቢያችን ጥበቃ አረጋዊ አፋር ናቸው። መንገደኛ ሲያገኙ ቁጭ ብለው፣ አፋሮች ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ከሰሙት፣ የሰሙትንም ከነነጋሪው ለይተው። በዳጉ የዋሸ ሰው ዳግመኛ ወሬ አይጠየቅም። ጋዜጠኛዋን ስጠብቅ አጠገባቸው ተቀምጬ የእኔን ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ጠየቁኝ።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ትከሻው ላይ ሆነህ የአባትህን ፊት እንዴት አየኸው?»

ስልኬን አወጣሁ። አዋሽ ወደምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደወልሁ። ሳቀችብኝ። «አንተ ያን ቀን ወባ ጥሎህ ቤት ተኝተህ ነበር። አባባ ከሥራ ሲመለስ ነው የነገረህ። ለምን ሳልወስድህ ቀረሁ ብሎ ስላዘነ፣ ትከሻው ላይ አውጥቶ በጓዳው ሲያዞርህ አመሸ።»

ትከሻው እውነት ነበር፤ ባቡሩ ግን የእኔ አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ የአባቴን ዓይን ወስጄ፣ እርሱን ከራሱ ታሪክ ውስጥ ተሸካሚዬ ብቻ አድርጌው ኖሬአለሁ።

ጋዜጠኛዋ መቅረጫዋን ስትከፍት፣ «እኔ አላየሁም፤ ያየው አባቴ ነው፣ የነገረኝም እርሱ» አልኋት። በትሕትና አመስግናኝ ሄደች። ቃሌ በፕሮግራሟ ላይ አልተላለፈም።

ከቀትር በኋላ ግን ወደ ገዋኔ የሚወርድ ከብት ነጋዴ በራችን ላይ ቆመ። ሽማግሌው በአፋርኛ ዳጉ ሲነግሩት፣ የእኔ አፋርኛ ደካማ ቢሆንም ንግግራቸውን ተከተልሁ። በስደት ስለሞተው ሰውዬ የሚባለውን፣ ከማን እንደሰሙት እየጠቀሱ አስቀደሙ። ቀጥለው፣ አዋሽ ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ የነበረ አንድ ሰው የሰውዬውን እጅ ጨብጦ ለስላሳ ሆኖ እንዳገኘው፣ ይህንንም ለልጁ እንደነገረው፣ ልጁም ለእርሳቸው እንደነገራቸው አወሩለት። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀና መንገዱን ቀጠለ።