የስልጤው እንሰት

ቅዳሜ፣ ወደ ሶዶ

አባቴን ከገሱባ ነቅዬ ስልጤ ላስገባው ቆርጬ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። አያቴ በጎረምሳነቱ ከስልጤ መጥቶ ወላይታ ውስጥ ገሱባ ሱቅ ከፈተ፤ አባቴ እዚያው ተወለደ፣ እዚያው ነገደ፣ እዚያው ሸመገለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። እኔና ወንድሞቼ ወራቤ አጠገብ በአያቴ ቦታ ላይ ቤት ሠርተንለታል። ሰው በዘመዶቹ መሀል ቢጦር ይሻላል ብለን ነው።

ቦዲቲ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሙዝና አቮካዶ በየመስኮቱ ተንጠለጠለልን። ገዛሁ፤ አባቴ ጓሮ ሙዝ ሞልቶ ሳለ ሙዝ ይዤ መሄዴ ትዝ ያለኝ ሶዶ ስደርስ ነው። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። አደርኩ።

እሑድ፣ ገሱባ

የገሱባ መንገድ ወገብ ይፈታል። ሱቁ በር ላይ የተቀበሉኝ ጎረቤታችን ጋሽ ዳና ናቸው።

«መጣህ ልጄ!»

ጋሽ ዳና አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም። ልጅ ሳለሁ፣ ሴት መሆኔን የረሱ እየመሰለኝ፣ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ይናፍቀኛል።

የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ አቀረቡልን። አፌ እየተቃጠለ የመጣሁበትን ነገርኩ። አባቴ እጁን ታጥቦ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ጋሽ ዳናም ተከተሉን።

«ይሄን እንሰት ዘሩን ከስልጤ ያመጣው አባቴ ነው» አለኝ።

«የእኔም ጓሮ ከዚህ ነው» አሉ ጋሽ ዳና። «ሰፈሩ ሁሉ ‹የስልጤው› እያለ ይተክላል። አባትህ ከሄደ ግን ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ምን እናደርጋለን? እኛ በሬ ስናርድ ለእሱ በግ እናመጣለን፣ በእጁ ያርዳል፣ ሁላችን እንበላለን። እሱ ሳይበላ በዓል አለ እንዴ?»

አባቴ አንዱን ግንድ መታ መታ አደረገው። «እንሰት ልጅ ሳለ ስንት ጊዜ ይነቀላል። ከቦታ ቦታ ስታዛውሪው ይወፍራል። ያደገውን ግን ለምን ይነቅሉታል?»

«ለመብላት» አልኩ።

«በይ እንግዲህ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ብቻውን ጥዬው መመለሴ ነው፤ ደግሞ እውነቱን ነው።

ማክሰኞ፣ ወራቤ አጠገብ

ስሰናበተው ሥሩን በኮባ የጠቀለለው ችግኝ ሰጠኝ። «ቤቱ ባዶውን እንዳይቀር ትከዪበት።» ሶዶ መናኸሪያ ረዳቱ «እሱም ሰው ነው፣ ይከፍላል!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። በሆሳዕና በኩል ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

አዲሱ ቤት በር ላይ የጠበቀችኝ የአባቴ እኅት ናት፤ ከልጅነቷ አያቶቿ ጋር ስልጤ ያደገች። ችግኙን ገላልጣ አየችው።

«ይሄማ የወላይታ እንሰት ነው። የእኛ አይደለም።»

ሳቄ አመለጠኝ። እኔንም ገሱባ ትምህርት ቤት «የስልጤዋ» ይሉኝ ነበር። ለአረፋ እዚህ ስመጣ ደግሞ የአጎቶቼ ልጆች «የወላይታዋ መጣች!» እያሉ ይሮጡ ነበር። አክስቴ እያጉረመረመች ጉድጓዱን ቆፈረችልኝ፤ ፍግም ጨመረችበት።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ ገባሁ። የሄድኩበት ጉዳይ አልሆነም፤ ልቤ ግን ቀለል ብሎታል። ከየት ነሽ ሲሉኝ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ስንተባተብ ነው ያደግሁት። ከእንግዲህ ሁለቱንም እላለሁ። የገረመው ይገረም።

ለአባቴ ደውዬ እኅቱ ያለችውን ነገርኩት።

«የማን እንደሆነ ተዪውና፣ ይጸድቃል ወይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባ! ለአረፋ መጥተህ እየው።»

ከስልኩ ራቅ ብሎ ሲጣራ ሰማሁት።

«ዳና! ለአረፋ ስልጤ አብረኸኝ ትሄዳለህ? እንሰታችንን ልናይ!»