የረሳ ያጥባል

ጎረቤቴ ጋሽ ሕዝቅኤል ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ፀሐይወርቅ ጋር የቆየ ልማድ ነበራቸው። ጧት ከመዝገበ ቃላት ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያጠናሉ፤ ከራት በኋላ ይጠያየቃሉ። ትርጉሙን የረሳ ሳህን ያጥባል። የሚረሱት ሁልጊዜ ጋሽ ሕዝቅኤል ነበሩ። እኔማ "ይህን እንግሊዝኛ ለማን ሊናገሩት ነው?" እያልሁ እስቅባቸው ነበር።

"ሱሱረስ" የሚለውን ቃል ሦስት ቀን በተከታታይ ቢረሱት፣ እትዬ ጣና ዳር ወስደው ነፋስ ከሚያወዛውዘው ደንገል አጠገብ አቆሟቸው። "ስማ እንግዲህ! እንዲህ ያለ ሹክሹክታ ማለት ነው" አሏቸው።

እትዬ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ትናንት ጋሽ ሕዝቅኤል ራት በልተው ሲጨርሱ ደረስሁ። መዝገበ ቃላቱ ፊታቸው ተከፍቶ ነበር። አንሥቼ እንደ እትዬ ጠየቅኋቸው። ስምንት ቃል ጠየቅሁ፤ አንዱንም አልሳቱ።

"ዛሬስ አሸንፈዋል፤ ሳህኑን እኔ ልጠብ" አልኋቸው።

"ተይው ልጄ፣ እሷ ከሄደች ወዲህ አንድም ቃል ረስቼ አላውቅም" አሉና አንዲቷን ሳህን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ።