የቀኝ በር ቀጭኑ ብረት

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እስከ አሁን እጠራጠራለሁ። ነገሩ ስለ አንዲት የማትንቀሳቀስ መኪና ጌጦች ነው፤ ማንም የትም አልሄደም። አንድ ጊዜ ዶርም ውስጥ ለጓደኞቼ መንገር ጀምሬ፣ ገና ከመግቢያው አንዱ ስልኩን ሲያወጣ ስላየሁ ተውሁት። ቢሆንም ካለፈው ክረምት ሌላ የማስታውሰው የለኝም።

የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ወደ መካነ ኢየሱስ ስመለስ ቤታችን ውስጥ የቀሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። እናቴ ካረፈች ዓመት አልፎ ነበር። የአባቴም ዓይን እኔ በሌለሁባቸው ወራት ፈዝዞ ፈዝዞ፣ ብርሃንና ጥላን ከመለየት በቀር ሌላ አያይም።

መኪናዋ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማለች። ክብ መብራት ያላት አሮጌ ናት። አባቴ በዚያ ክፉ መንገድ እስከ ወገዳ ድረስ ሰውና እህል ሲያመላልሱባት ኖረዋል። ጠዋት ጠዋት ከፊት መከላከያዋ ይጀምሩና የመብራቶቿን ቀለበት፣ የበሮቿን ጌጥ በእጃቸው እየዳበሱ ይዞሯታል። ከዚያ መሪው ጋ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከእኔ ጋር ግን «በላህ?» እና «መሸ እንዴ?» ብቻ ነበር ወጋችን።

ላስደስታቸው ፈለግሁ። «አባባ፣ ጌጦቿን ላድሳቸው?» ስላቸው «እንደ ፍጥርጥርህ» አሉኝ።

ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ቪዲዮ ሁሉ አየሁ። አንዱ ባለሙያ ሁሉም ተልጦ እንደ መስታወት ካላበራ ሥራ አይደለም ይላል። ሌላው አሮጌ መኪና ወዟ ከጠፋ ምን ቀራት ይላል። እኔ መሐሉን መረጥሁ። የሚያብረቀርቀው የኒኬል ልባጥ ያለበትን በአመድና በሎሚ አጠራዋለሁ፤ የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በዘይት አሸዋለሁ።

ከፊት መከላከያው ቀኝ ግማሽ ጀመርሁ። በማግስቱ አባቴ እንደ ልማዳቸው እየዳበሱ መጡና ያደስሁት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእኛው ነው፣ አባባ። አጠራሁት።»

«የእኛማ አይደለም።»

እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። በገዛ ጓሯቸው መግቢያው መውጫው ጠፋቸው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ አልተቀመጡም፤ በማግስቱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ሳይ ፈራሁ። መኪናዋም ከቀረችባቸው ማን አላቸው? እኔ እንደሆንሁ መስከረም ሲጠባ ሂያጅ ነኝ።

«እንግዲያው የማይነካውን ያሳዩኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ወጡና ጣቴን ይዘው ብረቱ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸ ጎድጓዳ የወገዳ ገበያ ላይ በሬ የወጋት ነው። ይኸ ጭረት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ የፈነጠረ ድንጋይ። አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

ባሳዩኝ ቦታ ሁሉ የጭቃ ምልክት አደረግሁ። ቀኝ በር ስንደርስ ግን በመስኮቱ ሥር የሚሄደውን ቀጭን ብረት ዘለሉት። ከብረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ኒኬሉ አልቆ፣ ከሥር ያለው ቢጫ ናስ ወጥቷል።

«ይኼስ?» አልኋቸው።

«በዚህ በኩል ማን ነበር የሚቀመጠው?»

«እማዬ።»

«ቁልቁለት ትፈራ ነበር» አሉ። መዳፋቸውንም ብረት እንደያዘ ሰው አየር ላይ ጨበጥ አደረጉ።

የቀረውን ጊዜ ምልክቶቹን እየዘለልሁ ሠራሁ። ጎረቤታችን መሪጌታ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ሊጠይቁን መጥተው መኪናዋን ዞረው አዩና ሳቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ግማሿ ሙሽራ ግማሿ አልቃሽ ሆነችብህ እኮ!»

«ጥምጣምህን ብታወልቅ አንተም እንደሷ ነህ» አሉ አባቴ። «ከፊት ታበራለህ፣ ከኋላ ሸብተሃል።»

እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሆኖም መኪናዋ ውስጥ አልገቡም። እዚያ ለስላሳ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ማታ ማታም «መሸ እንዴ?» ይሉኛል፤ እራት አቀርብላቸዋለሁ።

ጳጉሜን ሦስት ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። ልጆች እየጮሁ ይዘላሉ። አባቴ ጋቢያቸውን ጥለው ጓሮ መጡ።

«አውጣት» አሉኝ።

«አባባ፣ ሰሞኑን የተፋቀው ብረት ገና ዘይት አልነካውም። ይዝጋል።»

«ይዛግ። ሰው ሁሉ ሲጠመቅ እሷ ምን በደለች?»

መሪጌታን ጠራሁና እኔ በተከፈተው በር መሪውን ይዤ፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው ገፋናት። ጭቃው እያዳለጣቸው «አሮጊት በሽማግሌ ስትገፋ አይተህ ታውቃለህ?» ይላሉ መሪጌታ።

አባቴ ዝናቡ ውስጥ ከፊት መከላከያው ጀመሩ። ለስላሳው ግማሽ ላይ እጃቸው ቆመ። ውሃው በጣቶቻቸው መሐል እየወረደ ጥቂት ቆዩና አለፉት። ቀኝ በር ደረሱ። መዳፋቸውን በቀጭኑ ብረት ላይ፣ ባለቀው ቦታ አሳረፉ። የእናቴ እጅ ትንሽ ስለነበረ ጣቶቻቸው ከናሱ አልፈው ኒኬሉ ላይ ወደቁ።

ያንኑ በር ከፍተው በእሷ ቦታ ተቀመጡ። መሪጌታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«አንተ ወደዚያ» አሉኝ አባቴ፣ በአገጫቸው ወደ መሪው እያሳዩ።

ገባሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። መስታወቱ በትንፋሻችን ተደፈነና ከደጅ ምንም አይታይም።

«ቁልቁለቱ ላይ ቀስ በል» አሉ።

«እሺ፣ አባባ።»

ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ተቀመጥን። በማግስቱ የተፋቀው ሁሉ ቀይ ዝገት አውጥቶ ነበር። አባቴ ጣታቸውን አስኬዱበትና አልፈው ገቡ፤ እኔም የብርጭቆ ወረቀቱን መልሼ አላነሣሁትም። እድሳቱ ያበቃው ጳጉሜን ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ነው።